እየዋኙ ወደ ድሬ

ክሎሪን ሲሸተኝ እናደዳለሁ። ሌላው ሰው ሲሸተው ሽርሽር ይታወሰዋል፤ የእኔ ግን ደሜ ይፈላል። ባለፈው ሰሞን መሥሪያ ቤታችን «ወርክሾፕ» ብሎ ከነላፕቶፓችን እዚሁ ሐርጌሳ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ አጎረን። አሠልጣኙ ገና ጺም በቅጡ ያላበቀለ ልጅ ነው። ግድግዳው ላይ ሽቅብ የሚወጣ ቀስት አብርቶ፣ «ታርጌታችንን ስንስት ምን እናደርጋለን?» ይለናል። ልክ ይህን ሲል ሽታው በመስኮት ገባ። ለካ አዳራሹ የተሠራው ከመዋኛ ገንዳው ጀርባ ነው! ቀለሙን ቀይረው፣ በሩን ወደ ሌላ መንገድ አዙረውት አላወቅሁትም እንጂ ያው የድሮው ሆቴል ነው።

እጄን እንኳ ሳላወጣ፣ «የሳተ ይቀመጣል» አልኩ።

«ይቅርታ?»

«ታርጌቱን የሳተ ከውሃው ወጥቶ ይቀመጣል። አለቀ።»

ሰዉ ሳቀ። እኔ እየቀለድኩ አልነበረም።

የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው። እኛ የድሬዳዋ ሰዎች ነን፤ አባቴ የበርበራ መንገድ ሾፌር ስለነበር ሐርጌሳ ውስጥ፣ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ነው ያደግሁት። በዚያ ዓመት አያቴ ድሬ ላይ ግማሽ አካሉን አሞት ተኛና እናቴ ልታስታምመው ሄደች። እኔ «ትምህርት አለባት» ተብዬ ለታናሽ እህቷ፣ ለአክስቴ ለዘሀራ ተሰጠሁ። አባቴ እንደሆነ ከመኪናው አይወርድም። «ቶሎ እመጣለሁ» አለችኝ እናቴ። ቶሎ! ልጅ ሲጠራ «ቶሎ» ማለት አሁኑኑ ነው፤ ትልልቆቹ ሲሉት ግን ወሰን የለውም። እኔ በማግስቱ በር ላይ ቆሜ መጠበቅ ጀመርኩ።

አክስቴ ዘሀራ በወጣትነቷ ኢትዮጵያ ውስጥ በአንድ ክለብ ትዋኝ ነበር። እስቲ አስቡት፤ ውሃ በቦቴና በአህያ ጋሪ በሚመጣበት ከተማ ዋናተኛ! ሰው በጀሪካን ቆጥቦ በሚታጠብበት አገር እሷ የምታወራው ስለ ክንድ አወራወርና ስለ እግር አመታት ነው። ሆቴሉ ሪሴፕሽን ላይ ቀጥሯት ነበር። ጓሮ ያለውን ገንዳ ያየች ዕለት እንቅልፍ ባይኗ አልዞረም። ባለቤቱን ለምና፣ ጨቅጭቃ፣ አሰልችታ በመጨረሻ በሴቶች ሰዓት አራት ልጆች እንድታሠለጥን ተፈቀደላት። ከአራቱ አንዷ ማን እንደምትሆን የጠየቀኝ የለም።

የሴቶች ሰዓት ማለት በሳምንት ሦስት ቀን ከዙህር ሶላት እስከ ዐስር ሶላት ነው። በሩ በሸራ ይጋረዳል፣ ዘበኛው ጀርባውን ሰጥቶ ውጪ ይቀመጣል፣ የሐርጌሳ እመቤቶች ከነሰፊው ቀሚሳቸው፣ ከነድሪያቸው፣ ውሃው ውስጥ ይገባሉ። የእኛ ልብስ ግን አክስቴ ራሷ የሰፋችው ሱሪና ረጅም እጅጌ ሸሚዝ ነው። ጥጥ! ዋናተኛ ነኝ የምትል ሴት ጥጥ ታለብሳለች? ስንወጣ እያንዳንዳችን አንድ ባልዲ ውሃ ይዘን ነው የምንወጣው። ጸጉራችን ደግሞ በስቶኪንግ ቁራጭ ታስሮ ግንባራችንን ሽቅብ ይጎትተዋል። እኔ ነበርኩ፣ ሆዳን የምትባል የባለ ሱቅ ልጅ ነበረች፣ ከዚያ ደግሞ አንዷ ስታለቅስ ሌላዋ የምትከተል ሁለት እህትማማቾች።

ሥልጠናው ምን መሰላችሁ? አክስቴ ከማድ ቤት ያመጣችውን ትልቅ የግድግዳ ሰዓት በጥልቁ ጫፍ ወንበር ላይ ታቆማለች። በአንድ እጇ የድስት ክዳን፣ በሌላው ጭልፋ ትይዛለች። ቀዩ የሰከንድ ቆጣሪ ላይ አፍጥጣ ክዳኑን ጓ! ስታደርገው እንሄዳለን። ሁለተኛው ጓ! ሳይመጣ ማዶውን መንካት አለብን። ትንፋሻችን ገና ሳይመለስ ሦስተኛው ጓ! ይልና ወደ መጣንበት። እንዲህ እየተባለ ሃያ ዙር። ሁለተኛው ጓ! ከቀደመሽ ግን ወጥተሽ ትቀመጫለሽ። አንድ ዙር ያልፍሻል፤ ከዚያ ስምሽን ስትጠራ ትመለሻለሽ። ሦስት ጊዜ ከሳትሽ የዚያን ቀን ነገርሽ አበቃ።

«ደክሞኛል እንጂ እችላለሁ እኮ!» እላታለሁ።

«ደክሞሽ እየተጎተትሽ ከምትዋኚ ተቀመጪ» ትለኛለች። «ሰውነት የሚማረው ያሠራሽውን ነው። ቀስ ብለሽ ብዙ ከዋኘሽ፣ ቀስ ማለትን ትማሪያለሽ። እዚህ ገንዳ ውስጥ በውድድር ፍጥነት ካልሆነ አይዋኝም። አጭር፣ ፈጣን፣ ትንሽ ዕረፍት፣ እንደገና።»

ወይ ጉድ! ትምህርት ቤት የሚቆጡን ስንሰንፍ ነው፤ እሷ ጋ ደግሞ እንቀጥል ብለን ስንለምን። ብትገርፈኝ ይሻለኝ ነበር።

ፍጥነቱን ያወጣችው በዘፈቀደ አይደለም። ገንዳው ታጥቦ በተሞላበት ቀን በልብስ ሰፊ ሜትር ከግድግዳው እስከ ላይኛው ደረጃ ለክታ፣ ወረቀት ላይ ስትደምርና ስታካፍል አምሽታ ነው። ድሬ ላይ የልጆች ውድድር ሊደረግ ነበር። «ሃያውን ዙር ሳትስት የጨረሰች ትሄዳለች» ብላ አወጀች። ወደ እኔ ዞር ብላ ደግሞ፣ «አንቺ እናትሽ ዘንድ የምትሄጂው በክንድሽ ነው» አለችኝ። ኧረ በአላህ፣ ለአሥር ዓመት ልጅ እንዲህ ይባላል?

እኔ ግን እንደ ቁም ነገር ያዝኩት። ዙሮቹን በመንገዱ ላይ ደለደልኳቸው። አምስተኛው ድንበሩ ላይ ወጃሌ፣ አሥረኛው ጅጅጋ፣ አሥራ አምስተኛው ሐረር፣ ሃያኛው ድሬ፣ የአያቴ ግቢ፣ እናቴ። ስቀመጥ ዕረፍት መሆኑን ማን ነገረኝ! ኬላ ላይ ተይዤ ወደ ኋላ የተመለስኩ ነበር የሚመስለኝ። ወጃሌን ሳልሻገር ስንት ቀን የዐስር አዛን ደረሰብኝ።

ለዚህ ደግሞ ትልቁ ጦስ ሐጃ አምበሮ ነበረች። ሐጃ አምበሮን ሐኪም «ለጉልበትሽ ውሃ ውስጥ ተራመጂ» ብሏታል። ትራመዳለች። የት? መሐል! ገንዳ ሙሉ ቦታ እያለ የእኔ መሥመር ላይ!

«ሐጃ፣ ጥጉን ይያዙልን በአላህ!» ትላለች አክስቴ ከማዶ።

«እሺ ልጄ፣ እሺ» ትልና ጥጉን ትይዛለች። አንድ ዙር ሳይሞላ ደግሞ መሐል ናት። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ።

ማለፉንስ በስር ሾልኬም ቢሆን አልፍ ነበር፤ ጥያቄዋ ነው የሚገድለኝ። ደረጃው ላይ ደርሼ ትንፋሼን ስፈልግ ከላዬ ትቆምና «የማን ልጅ ነሽ?» ትለኛለች። በየሳምንቱ! እዚህ አገር ይህ ጥያቄ ሰላምታ ነው፤ አባትሽን፣ አያትሽንና የአያትሽን አያት ሳያውቅ የሚያድር ሰው የለም።

«የዘሀራ ነኝ።»

«ዘሀራ አላገባችም እኮ።»

«የእህቷ ልጅ ነኝ።»

«እህቷስ የታለች?»

ጓ! ክዳኑ ተመታ። ሆዳን ሄዳለች፣ እህትማማቾቹ ሄደዋል፣ እኔ አፌን ከፍቼ ቆሜያለሁ። እናቴ የት እንዳለች ለሐጃ አምበሮ ላስረዳ ወይስ ልዋኝ? ሁለቱንም ስሞክር ውሃ ጠጥቼ እሰምጣለሁ።

«ሰሚራ፣ አምልጦሻል፤ ተቀመጪ!»

«ሐጃ ናት እኮ ያስቆመችኝ!»

«ምክንያት አልሰማም። ውድድር ላይም ሰው አለ።»

«ውድድር ላይ ሐጃ አምበሮ የለችም!»

«ተቀመጪ ብያለሁ።»

ሆዳን እንዳትነሣብኝ። ሆዳን አትቀመጥም። ማስቲካዋን እያኘከች ትዋኛለች፣ ክዳኑ ሳይመታ ቀድማ ነክታ ጥፍሯን ታያለች። አክስቴ ለእሷ ስታዳላ ክዳኑን ዘግይታ የምትመታ ይመስለኝ ነበር። አንድ ክዳን ለሁላችንም እንደሚመታ እያየሁ!

በጋው እየከረረ ሄደ። የቦቴ ውሃ ዋጋ ሰማይ ነካና የሆቴሉ ባለቤት «እስኪዘንብ ባለው ተጠቀሙ» አለ። ፀሐይ ከላይ ይጠጣዋል፤ ሴቶቹም በድሪያቸው ዘፍዝፈው ይዘውት ይወጣሉ። የቀነሰው ውሃው ነው እንጂ ክሎሪኑ አይደለም። ዓይናችን በርበሬ ሆኖ ትምህርት ቤት ስንገባ አስተማሪው «ማን መትቷችሁ ነው?» ይለናል።

ገንዳው አንድ ጠባይ ነበረው። ጥልቁ ጫፍ ቀጥ ያለ ግድግዳ ነው፤ ሌላው ጫፍ ግን ከዳር እስከ ዳር ሰፋፊ ደረጃ ነው። እኛ የምንነካው ውሃው የሚያልቅበትን ደረጃ ነበር። የላይኛው ደረጃ ሲደርቅ ተደሰትን፤ የሳትን ሰዎች የምንቀመጥበት አገኘን። ቀጥሎ ያለውም ሲደርቅ እግር ማሳረፊያ ሆነን። አክስቴ በጥልቁ ጫፍ ከሰዓቷና ከክዳኗ ጋር ናት፤ ዓይኗ ከቀዩ ቆጣሪ አይነቀልም።

እኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን ሌላ የምሥራች ነበረኝ። ከገንዳው መሐል ትንሽ ዝቅ ብሎ አንድ የተሰነጠቀ ሰማያዊ ሴራሚክ አለ። መጀመሪያ እዚያ ላይ ስቆም ውሃው አገጬን ይነካ ነበር። ከዚያ አንገቴ ላይ ወረደ። ከዚያ ትከሻዬ ላይ፣ ከዚያ ደረቴ ላይ። እሰይ፣ እያደግሁ ነው! በዚያው ማታ ስልክ ላይ ለእናቴ አበሰርኳት።

«እማ፣ ቁመቴ ጨመረ!»

«እውነት? በምን ያህል?»

«ከአገጬ እስከ ደረቴ!»

«ማሻአላህ! የአክስትሽ እጅ ተስማምቶሻላ» አለችና ለዒድ የምታሰፋልኝን ቀሚስ ረዘም አስደረገችው።

ፍጥነታችንም እንደዚያው አማረበት። ወጃሌን ተሻገርኩ። ጅጅጋ ገባሁ። አክስቴ ዓይኗን ማመን አቅቷት ክዳኑን ቶሎ ቶሎ መምታት ጀመረች፤ እንደዚያም ሆኖ እንነካለን። እህትማማቾቹ እንኳ ማልቀስ አቆሙ። አንድ ከሰዓት ሐረርን አለፍኩ፣ ሰውነቴ ሁሉ እየነደደ ቁልቁል ወደ ድሬ ወረድኩ፣ ሃያኛውን ነክቼ ቀና ስል ክዳኑ ገና አልተመታም።

«ድሬ ገባሁ!» ብዬ ጮኽኩ። ማንም አልገባውም።

አክስቴ ጭልፋዋን ጥላ መጥታ ርጥብ ጭንቅላቴን ሳመችው። ሐጃ አምበሮ ከመሐል ቆማ፣ «ይህቺ ልጅ ዓሣ ናት፣ ዓሣ!» አለች። «ማሻአላህ ይበሉ እንጂ!» አለች አክስቴ ደንግጣ። በዚያው ዕለት ድሬ ወዳሉት የውድድሩ ኃላፊ ደውላ የእያንዳንዳችንን ፍጥነት አስመዘገበች። ሰውየው «ምን ቢበሉ ነው?» አሏት። ለሦስት ቀን ይህንኑ ስታወራ ሰነበተች። እኔ ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ከአልጋዬ ሥር አስገባሁ።

ከዚያ ሆቴሉ ውስጥ ትልቅ ሠርግ ተያዘ። ሙሽራው «ደረቅ ገንዳ ዳር ፎቶ አልነሣም» አለ መሰለኝ፣ ቦቴዎች ተሰልፈው መጥተው ገንዳውን እስከ አፉ ሞሉት። ስንመጣ ውሃው ያብረቀርቃል። መቀመጫችን ሰምጧል። እንዴት ያምራል ብለን ዘለልንበት።

ጓ! ሄድኩ። ስወረውር፣ ስወረውር፣ ደረጃው የለም። ጓ! አለ ሁለተኛው፤ እኔ ገና መንገድ ላይ ነኝ። ቀና ብዬ ሳይ ሁላችንም መንገድ ላይ ነን። ሆዳንም! ሆዳን ማስቲካዋን ውጣዋለች።

«ምን ሆናችኋል? ምን በላችሁ?» አለች አክስቴ።

«ሩዝ» አልን።

ሰዓቱ ነው ብላ ባትሪ አስለወጠች። ሳትን። ትናንት አምሽታችሁ ነው ብላ ተቆጣች። ሳትን። ሦስት ሦስት ጊዜ ስተን አራታችንም ጠርዙ ላይ ተደርድረን ስንቀመጥ፣ አክስቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ዓይን ነው» አለች።

የማን ዓይን እንደሆነ ግልጽ ነው። በሚቀጥለው ቀን ከቁርኣን የፈለቅን ምዕራፍ ቀርታ ትፍ ትፍ ካለችብን በኋላ ሳፋ ይዛ ወደ ሐጃ አምበሮ ሄደች። ዓይኑ የነካ ሰው የታጠበበት ውሃ በተጎዳው ላይ ከፈሰሰ ይለቃል ይባላል። በትሕትና፣ በስንት ዙሪያ ጥምጥም፣ «ሐጃ፣ በክፉ አይዩትና እጅዎን እዚህች ላይ ቢታጠቡልን» አለቻት።

ሐጃ አምበሮ ሳፋውን አየች፣ አክስቴን አየች። «ልጄ» አለች፣ «በጋውን ሙሉ እነዚህ ልጆች የሚዋኙት እኔ በታጠብኩበት ውሃ አይደለም እንዴ? ያ ካልበቃ ይህቺ ሳፋ ምን ትፈይዳለች?»

ገንዳው በሳቅ ተናጋ። አክስቴ ሳፋዋን አንከርፍፋ ቀረች።

እኔ ሳቅ አላማረኝም፤ የእኔ ጣጣ ሌላ ነው። ገብቼ ሰማያዊው ሴራሚክ ላይ ቆሜ ነበር። ውሃው አገጬ ላይ ነው። ተንጠራራሁ፤ አገጬ ላይ ነው።

«አክስቴ!» አልኩ፣ ልቅሶዬ እየመጣ። «አጥሬያለሁ!»

«ምን?»

«ቁመቴ ቀነሰ። ደረቴ ድረስ ነበር፤ ይኸው ውሃው አገጬ ደረሰ። ለእማ ምን ልበላት?»

ሆዳን ሳቀች። አክስቴም ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሐል ላይ ቆመ። እኔን አየች። አገጬን አየች። ከዚያ ማዶ ያለውን ደረጃ አየች። የሪሴፕሽን ልብሷን እንደለበሰች፣ ከነጫማዋ፣ በደረጃው ውሃው ውስጥ ገባች። አንዱን ወረደች፣ ሁለተኛውን ወረደች፣ ሦስተኛው ላይ ቆመች። ውሃው ጉልበቷን አልፏል።

«ስትነኩ የነበረው ይህንን ነው?»

«አዎ» አልን።

«ያ አላህ» አለች። «ገንዳው ነው ያጠረው።»

እንዲህ ነው ነገሩ። ውሃው በወረደ ቁጥር መድረሻችን በደረጃው ወደ ውስጥ እየገባ፣ እየቀረበልን መጥቶ ኖሯል። እኛ አልፈጠንም፤ መንገዱ ነው ያጠረው። እኔም አላደግሁም። ያን ሁሉ ሳምንት ድሬ ገባሁ ስል ሐረር ላይ ነበርኩ።

ታዲያ ምን ይጠበስ? ማን ያውቃል? ድሬ ያሉት ሰውዬ ገንዳችንን አላዩት! ቤት እንደገባን ለመንኳት፣ እግሯ ሥር ወደቅሁ። እሷ ግን ስልኩን አንሥታ ደወለችና «የላክሁልዎ ፍጥነት ልክ አይደለም። ገንዳችን ውሃ ጎድሎበት አጥሮብን ነው። ልጆቹን ይሰርዙልኝ» አለች። ሰውየው ሲስቁ ሳቃቸው ክፍሉ ውስጥ ተሰማ። አክስቴ ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና ጠበቀቻቸው። «እንግዲህ ለከርሞ፣ ገንዳችሁ ሲያድግ» አሉና ዘጉት።

እስካሁን ሳስበው አናቴ ላይ ይወጣል። ማን ጠየቃት? ሄደን ብንሸነፍስ? የምሸነፈው እኔ አይደለሁም?

«ባልያዛችሁት ፍጥነት ወስጄ አላሳፍራችሁም» አለችኝ።

«እኔ መች ውድድር ፈለግሁ!» ብዬ ጮኽኩባት። «መጨረሻ ብወጣም ግድ የለኝም! እኔ የፈለግሁት እማን ነው!»

«እናትሽ ዘንድ ለመሄድ ነበር እንዴ እንዲያ የምትሞቺው?» አለች አክስቴ።

«በክንድሽ ነው ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

እኔ ከአልጋዬ ሥር ሻንጣዬን ጎትቼ ልብሴን መሬት ላይ ደፋሁትና ከላዩ ተኛሁ። ከግድግዳው ወዲያ አክስቴ እናቴን በስልክ ስታናግር እሰማለሁ። «እትዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው...» ትላለች፣ ስለ ደረጃው ታስረዳለች፣ ስለ ሜትሩ ታስረዳለች። የእናቴ ድምፅ ግን ከስልኩ አልፎ፣ ከግድግዳው አልፎ መጣ፤ «ልጄን እንደ ጨርቅ በሜትር እየለካሽ ነው እንዴ የምትልኪልኝ? ተይው! ራሴው እመጣለሁ!»

አያቴን ለወንድሟ ሰጥታ፣ የወጃሌን አቧራ ጠጥታ መጣች። ምን እንደተሰማኝ አልናገርም፤ አንገቷ ላይ ተንጠልጥዬ ሻንጣዋን እንኳ እንድታስቀምጥ አልፈቀድኩላትም። ቀሚሱን አወጣችና አለበሰችኝ። ወለሉን ይጠርጋል።

«አድጌያለሁ ብለሽኝ አልነበር?»

«ውሃው ነው እማ።»

ስትስቅ እንባዋ ወረደ። እኔ አልሳቅሁም።

በማግስቱ የሴቶች ሰዓት ነበር። ዛሬስ ትተወኛለች ብዬ ነበር። አክስቴ ክዳኗንና ጭልፋዋን በፌስታል ይዛ በር ላይ ቆመች። «ውድድሩ ቀረ እንጂ ዋናው አልቀረም። ተነሺ።» አይ ይህቺ ሴት! እናቴም ድሪያ ተውሳ ተከተለችን።

እናቴ ገንዳ ውስጥ ገብታ አታውቅም። ብረቱን ሙጭጭ አድርጋ ይዛ አንድ ደረጃ ወርዳ ትቆማለች፣ «ቢስሚላህ» ትላለች፣ ተመልሳ ትወጣለች። ሐጃ አምበሮ አይታት አዘነችላት፤ መጥታ እጇን ይዛ፣ እያባበለች ወሰደቻት። የት? መሐል! የእኔ መሥመር ላይ! አሁን ሁለት ሆነው ይራመዱልኛል።

ክዳኑ ተመታ። ገንዳው ሙሉ ነው፤ አክስቴ ክዳኑን መጀመሪያ ወዳወጣችው ፍጥነት መልሳዋለች። የመጀመሪያዎቹን ዙሮች ያዝኩ። ወጃሌን በእውነተኛው ርቀት አለፍኩ። ጅጅጋ ልገባ አንድ ዙር ሲቀረኝ ጭንቅላቴን ቀብሬ፣ ያለ የሌለ ኃይሌን ሰብስቤ ስከንፍ፣ ዘጭ ብዬ ለስላሳ ነገር ውስጥ ገባሁ። ሆድ ነው። ጨርቅ ነው። ልጮህባት አፌን ከፍቼ ብቅ ስል እናቴ ናት፤ ድሪያዋ ተነፍቶ፣ ውሃ ጠጥታ ታስላለች። ሁለተኛው ጓ! ከሩቅ ተሰማ።

«ኧረ ይህቺ ልጅ ሰው ልትገድል ነው!» አለች ሐጃ አምበሮ። «ለመሆኑ የማን ልጅ ናት?»

እናቴ ፊቷን በመዳፏ ጠረገች። ሳሉ እየተናነቃት፣ በዚያ በተሰባበረ ሶማሊኛዋ፣ «የእኔ ናት» አለች። «የእኔ ልጅ ናት፣ ሐጃ።»

«ሰሚራ!» አለች አክስቴ ከጥልቁ ጫፍ። «አምልጦሻል፤ ተቀመጪ!»

«እማን መትቼ እኮ ነው!»

«ምክንያት አልሰማም። ተቀመጪ። እትዬ፣ አንቺም ከመሥመሩ ውጪ!»

ወጣን፤ እግራችንን ውሃው ውስጥ ከትተን ጠርዙ ላይ ተቀመጥን። እናቴ እጄን ወስዳ የተጨማደዱ ጣቶቼን አንድ በአንድ ትደባብስ ጀመር።

«እስከ መቼ ነው የምትቀመጪው?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«አንድ ዙር ብቻ ነው።»

ክዳኑ ጓ! አለ። ሆዳንና እህትማማቾቹ ሄዱ፣ ነኩ። ዙሬ አለፈ። የጥጥ ሱሪዬን ጨምቄ ልገባ ተነሣሁና አክስቴን አየኋት። ሰዓቷ ላይ አፍጥጣለች። ጭልፋዋን አነሣች፤ ስሜን ሳትጠራ ክዳኑን መታችው። ተመልሼ ተቀመጥኩ። የዐስር አዛን እስኪሰማ ድረስ አንድም ጊዜ ወደ እኛ አልዞረችም።